በዕጣ የደረሰን ሳሎን

ባሕር ዳር ያደግሁበት ግቢ ሐይቁ ዳር ነበር፤ ደንገሉ አልቆ መሬቱ ከፍ ማለት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ። ግቢው የአንዲት ሴት ነው። እሱ ብቻም አይደለም፤ ከእኛ በር እስከ ገበያው ድረስ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች የአብዛኞቹ አከራይ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው የሚኖሩት ግቢው መሀል በቆመው የሲሚንቶ ቤት ሲሆን፣ እኛ ተከራዮቹ ከጓሮ፣ ወደ ረግረጉ ባዘነበሉት የጭቃ ክፍሎች ውስጥ ተደርድረን እንኖር ነበር። ክረምት ሲገባ ውኃው ከታች እየተሳበ ግድግዳችን ላይ ይወጣል። እናቴ በየዓመቱ ጋዜጣ ትለጥፍበታለች፤ ጋዜጣውም በየዓመቱ ይሻግታል።

አከራያችን በረንዳቸው ላይ ብቅ ሲሉ ግቢው በሙሉ ይነሣል። እንዲነሣ ያዘዘ ሰው የለም። እናቴ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ትነሣለች፤ አባቴ ከፋብሪካ ፈረቃ ገብቶ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይነሣል። ከበረንዳው አልፎ ሳሎኑን የረገጠ ተከራይ አላስታውስም። ሳሎኑን የምናውቀው ከውጭ ነው፦ ወደ ሐይቁ የተከፈተ ሰፊ መስኮት፣ ደረቅ ወለል፣ ነፋስ የሚያነሣው መጋረጃ። ሴትየዋ ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልን ነበር። ልጅ ሲታመም ይጠይቃሉ፤ በዓል ሲደርስ ለየቤቱ አንዳንድ ነገር ይልካሉ፤ እኛም የላኩትን በሁለት እጃችን፣ ጎንበስ ብለን እንቀበላለን።

እናቴ አስም ነበረባት። ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቷ ይታፈንና ተቀምጣ ታድራለች። ሆስፒታል የሄደች ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ፣ ከዚህ ሁሉ የሚሻልሽ ደረቅ ቤት ነው ብሏት ነበር። እሷ ይህን እንደ ጨዋታ ይዛው ቀረች። ጎረቤት መጥቶ እንዴት ነሽ ሲላት፣ "ሐኪሙ እኮ ሳሎን አዞልኛል" ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሙስሊም ቤተሰብ ይኖራል። ባልየው ጀልባ ይሠራል፤ ሚስቲቱ አሣ ትሸጣለች። የእናቴ የልብ ወዳጅ ይህች አሣ ሻጭ ነበረች። በግቢው ውስጥ ለማንም የማትነሣም እሷ ብቻ ነበረች፤ አሣ ስታጸዳ አከራያችን ብቅ ቢሉ፣ ቢላዋዋን ሳትለቅ "ደህና አደሩ?" ትላቸውና ሥራዋን ትቀጥላለች። ከእሷ ቀጥሎ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ሁላችንም አባባ የምንላቸው። መጨረሻው ክፍል ውስጥ አንድ ወንደላጤ መምህር ይኖር ነበር። ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው ነው፤ አብዛኛውን ቀን ራቱን የሚበላው ከእኛ ጋር ነው። እናቴ እንደ ታናሽ ወንድሟ ታየው ነበር።

ንጉሡ ወርደው ደርግ በመጣ ማግስት የትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። ቤት ያለው ሁሉ አንዱን ብቻ ያስቀር ሲባል አከራያችን ዋናው መንገድ ላይ ያለውን መረጡ። ከግቢያችን የወጡ ቀን ወጣቶች ደጅ ላይ መፈክር ያሰማሉ፤ እናቴ ደግሞ የሴትየዋን ሣጥን ተሸክማ ታለቅሳለች። አባቴ ሳቀባት። "ኪራይ ሲጨምሩብሽም ታለቅሺ ነበር፤ ዛሬ ሲሄዱም ታለቅሻለሽ። ኧረ አንዱን ያዢ!" አላት። አከራያችን በሩ ላይ ቆም አሉና፣ "ሳሎኑን አደራ፤ ወለሉን ውኃ አታብዙበት" አሏት። "እሺ እሜቴ" አለች እናቴ።

ቀበሌው ሲቋቋም መምህሩ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። የመረጥነው ድሃ ስለሆነ፣ የተማረ ስለሆነና እጁም ንጹሕ ስለሆነ ነው። ትልቁን ቤት ከሌላ ሰፈር የሚመኙት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን "የዚህ ግቢ ሰዎች ራሳችሁ ተካፈሉት፤ ሰፊው ሕዝብ መወሰን ያውቃል" አለ። ይህን ሲናገር ከልቡ ነበር። ዛሬም አልጠራጠረውም።

ቤቱ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ዕቃ ቤት ነበረው። እኛ አራት ቤተሰብ ነን። ሦስቱ ወደ ትልቁ ቤት ይገቡና አራተኛው የጓሮውን ክፍሎች ጠቅልሎ ይይዛል ተባለ። እስከዚህ ተስማማን። ሳሎኑን ማን ይውሰድ ሲባል ግን "ለእኔ" ብሎ የሚናገር ጠፋ። አባባ ለአባቴ "ለእናንተ ይሁን" ይላሉ፤ አባቴ "ኧረ ለእርስዎ" ይላል፤ መምህሩ መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ አሣ ሻጯ ተቆጣች።

"ምን ያሽኮረምማችኋል? እኛ ከጀልባ ወርደን አሣ ስንካፈል እንዲህ አንሆንም። መደብ መደቡን እንለያለን፣ ሁሉም የየራሱን ምልክት ያዋጣል፣ የማያውቀን መንገደኛ ጠርተን እናስጥላለን። የደረሰህ ደረሰህ ነው። ጌታ የለ፣ ሎሌ የለ።"

ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አልነበረም። እኛ ክርስቲያኖቹም በዓል መጥቶ የቅርጫ ሥጋ ስንካፈል የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሥጋችን ባይገናኝም ዕጣ አጣጣላችን አንድ ነበር። አባቴ ከኪሱ ብሎን አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት፤ አባባ ከኮታቸው ቁልፍ ፈቱ፤ አሣ ሻጯ የመረብ ማስመጫ እርሳስ አመጣች፤ መምህሩ የጠመኔ ስባሪ አዋጣ። እንጨት ተሸክማ በመንገዱ የምታልፍ ሴት ጠራን። ሸክሟን አሳርፋ፣ የምን ዕጣ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ምልክቶቹን በየደጃፉ አስቀመጠችና "ይቅናችሁ" ብላ ሄደች። መኝታ ቤቱ ለአሣ ሻጯ፣ ዕቃ ቤቱ ለአባባ ደረሰ። የሊቀመንበሩ ጠመኔ ከጓሮ ቀረ። ብሎኑ የተገኘው ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ነው።

አሣ ሻጯ ያሰማችው እልልታ ሐይቁን ተሻግሮ የተሰማ ይመስለኛል። እናቴ ግን ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ነው የገባችው።

ያን በጋ ሳሎን ውስጥ ኖርን። የመጀመሪያው ሌሊት እናቴ ጋደም ብላ ተኛች። የደረቷን ፉጨት ከልጅነቴ ጀምሮ ለምጄው ስለነበር መጥፋቱ አስደነገጠኝ፤ ተነሥቼ አፏ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኋት። ሰላም ተኝታለች። በደስታ አለቀስሁ። ጠዋት ስትነሣ ፊቷ ሌላ ነበር፤ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያየች "አሁን የሰው ቤት ነው የሚመስለኝ" አለች። አንድ ሰሞን እንደዚያ ኖረች። ስለዚያ ዘመን ሰው ሲያወራ፣ ጥሩ ነበር መጥፎ ነበር ብሎ ሲከራከር እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ጥሩ ነገር እናቴ ጋደም ብላ የተኛችበት በጋ ነው፤ ማንም አልቀማንም፤ ራሳችን ነን ያበላሸነው።

የተበላሸው እንግዳ መመላለስ ሲጀምር ነው። ከአውራጃ በላንድሮቨር የሚመጡ ሰዎች ግቢው በር ላይ ይወርዱና "የሊቀመንበሩ ቤት የቱ ነው?" ይላሉ። እኛ ሳሎኑ በር ላይ ቆመን ወደ ጓሮ፣ ወደ ጭቃው ክፍል እንጠቁማለን። መምህሩ በዚህ አላፈረም። ያፈርነው እኛ ነን። አባባ አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስበው፣ "ሹም ከጓሮ፣ ተራው ሰው ከሳሎን! ኧረ ሰው ምን ይለናል?" አሉ።

ሰው ምን ይለናል። ይህን የሚለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እናቴ ግን እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ፣ "እኔም እዚያ ቤት እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል፤ እሱ ይግባበት" አለች። ውሸቷን ነው፤ በዕድሜዋ እንደዚያ በጋ ተኝታ አታውቅም።

"አንች ሴት፣ አብደሻል?" አለች አሣ ሻጯ። "ዕጣ እኮ ነው! ወላሂ ዕጣ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። ደረትሽስ?"

"ደረቴ አሁን ተሽሎኛል" አለች እናቴ። "ልጁ ነገ ትልቅ ሰው የሚሆን ነው። በጭቃ ቤት አስቀምጠን ያምርብናል?"

መምህሩ እንደ ወጉ እምቢ አለ። እኛም እንደ ወጉ ለመንነው። እንደገና እምቢ አለ፤ አባባ "በሞትሁት" አሉት፣ እናቴ "አፈር ስሆን" አለችው። የዚህ አገር ሰው እንግዳ ካልበላለት የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሳሎኑን እንደ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተትንለት፣ በቃኝ ሲል ጨመርንለት። እሺ ያለን ቀን ደስታችን ልክ አልነበረውም። አባቴ ፍራሹን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አስገባለት። እኛ ወደ ጓሮ ተመለስን።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልተለወጠም። ራት ከእኛ ጋር መብላቱን ቀጠለ፤ እናቴንም "ደረትሽ ሲታፈን መጥተሽ እዚህ ተቀመጪ፤ ቤቱ ያንቺ ነው" ይላታል። አንድ ቀን ሄዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ተነሥታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። ቆይቶ በረንዳው ላይ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆመ። ቆይቶ መኝታ ቤቱ ለጽሕፈት ቤት ስለተፈለገ አሣ ሻጯ ለጊዜው ወደ ጓሮ ትመለስ ተባለ፤ አባባም ለጊዜው ዕቃ ቤቱን ለጥበቃዎቹ ለቀቁ። ለጊዜው የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ነው የጠላሁት። ማንም በግድ አልተባረረም። ማንም አልተገፋም። ሁሉም "ኧረ ምን ችግር አለ" እያለ ዕቃውን ሰበሰበ። ከአሣ ሻጯ በስተቀር፤ እሷ እየተሳደበች ነው የወጣችው። ባሏ ግን "ተይ፣ ተይ" እያለ ቀድሟት ተሸክሞ ነበር።

ከዚያ መምህሩ ራት መምጣቱን ተወ። ጓድ ሊቀመንበር የምንለውም ከዚያ ወዲህ ነው። በረንዳው ላይ ብቅ ሲል ግቢው ይነሣል። እንዲነሣ ያዘዘ ሰው የለም።

በሚቀጥለው ክረምት የእናቴ ሕመም ባሰ። አባቴ ብዙ ካመነታ በኋላ ለእሷ ከትልቁ ቤት አንድ ጥግ እንዲሰጣት ሊጠይቅ ሄደ። በረንዳው ላይ፣ ጥንት ኪራይ ለመክፈል በሚቆምበት ቦታ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ቆመ። እኔ ከጓሮ ሆኜ ዝናቡ ጀርባውን ሲመታው አያለሁ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

"እሺ፣ ምን አለህ?" አለችው እናቴ።

"ደህና አድርጎ አነጋገረኝ እኮ። እጄን ጨበጠኝ። 'ሚስትህ እንዴት ናት?' ብሎ ራሱ ጠየቀኝ።"

"ስለ ክፍሉስ?" አልሁት እኔ።

"አይ፣ እንግዳ ስለነበረበት ክፍሉን እንኳ አላነሣሁበትም" አለ።

ተናደድሁ። ወጥቼ ደንገሉ ዳር ቆሜ ጮኼ ማልቀሴ ትዝ ይለኛል። የተናደድሁት በመምህሩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ይበልጥ ያናደደኝ የአባቴ ፊት መፍካቱ ነው። ከአንዲት ሴት ወስዶ ለሁሉ ማድረግ ያን ያህል አልከበደም፤ አንድ አዋጅ በቃው። ለሁሉ የሆነውን ለሁሉ እንደሆነ ማቆየት ግን አዋጅ የሚያወጣለት ነገር አልነበረም። መሀል ላይ ያለው ቤት ባለቤት ሲያጣ እኛ ጭንቅ ይይዘናል፤ አንድ ሰው እስክናስቀምጥበት ድረስ እንቅልፍ የለንም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አባቴ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ክር መፍተያ ክፍል ተቀጠርሁ። አንድ ጠዋት መኪና መጥቶ ሊቀመንበሩን ከነሻንጣው ወሰደው። ለእስር ይሁን ለሹመት ለብዙ ጊዜ አላወቅንም፤ ኋላ እንደሰማነው ሌላ አውራጃ ተሹሞ ነው። ጥበቃዎቹም ተነሡ። ትልቁ ቤት እንደገና ባዶ ሆነ።

አሣ ሻጯ ያን ቀን ወደ ገበያ አልሄደችም። ግቢው መሀል ቆማ፣ "አሁንም ዕጣ!" አለች። "ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። እኛ ሐይቁ ላይ ደህናውን የአሣ ቦታ ለአንድ ሰው ለዘለዓለም አንተውም፤ በየጊዜው ነው የምንጥለው። ቤቱንም በየዓመቱ እንጥላለን። ዘንድሮ ለአንች የደረሰሽ እንደሆነ ደግሞ" አለች ወደ እናቴ ዞራ፣ "የምትመልሺ ከሆነ ዓይኔን አታዪውም።"

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። "አልመልስም" አለች። አባቴም እሺ አለ፤ አባባም አቀርቅረው እሺ አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይጣል ተባለ። የእናቴ ዕድል እንደገና ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። ከሳሎንም ከመኝታ ቤትም ከዕቃ ቤትም የትኛው ቢደርሳት ደረቅ ነው። የቀረነው ሦስት ቤተሰብ ነን፤ የትኛውም ዕጣ ይጠቅማታል እያልሁ ሳምንቱን በሙሉ በሥራ ላይ አሰላስላለሁ።

ቅዳሜ ዕለት አዲስ ሊቀመንበር እንደተሾመ ተነገረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ፣ ደረቷ አስቸግሯት ቤት የቀረችው እናቴ፣ የሳሎኑን ወለል ጠርጋና ወልውላ፣ የራሷን ነጭ መጋረጃ መስኮቱ ላይ ሰቅላ አገኘናት። አዲሱ ሊቀመንበር የቀበሌውን ንብረት ሊያይ መጥቶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ጠና ያለ፣ ለዘብ ያለ ሰው ነው።

"ማን ነው የሚኖርበት?" አለ።

"ማንም የለበት፤ ለእርስዎ ነው" አሉ አባባ።

"ለእኔ?" ሰውየው ተገረመ። "እኔ እኮ ዓባይ ማዶ ደህና ቤት አለኝ። ለእናንተ አይሆንም?"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእናንተ አይሆንም ወይ ብሎ ጠይቆናል። አባቴ ወደ እናቴ አየ፤ እናቴ ወደ መሬት አየች። አሣ ሻጯ ገና አፏን ስትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

"ኧረ እኛ ቤታችንን ለምደነዋል፤ እርስዎ ባለጉዳይ ሲመጣ የሚያርፉበት ያስፈልግዎታል። ይኸው አጽድቼልዎታለሁ" አለች።

ሰውየው እንደ ወጉ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገር አያስፈልግም። አሣ ሻጯ ብቻ የእናቴን እጅ ይዛ፣ "እኅቴ፣ ትንፋሽሽን ነው የሰጠሽው" አለቻት። ብዙ ሳይቆይ ከባሏ ጋር ዕቃቸውን በጀልባ ጭነው ወደ ዘመዶቻቸው፣ ወደ ጎርጎራ ሄዱ። ሰውየው ዓባይ ማዶ ማደሩን አልተወም። ሳሎኑ በሳምንት አንድ ቀን ቢከፈት ነው። ሌላውን ቀን ተቆልፎ፣ የእናቴ መጋረጃ በመስታወቱ በኩል እየታየ፣ ባዶውን ደርቆ ይውላል። በእናቴ ላይ ለብዙ ጊዜ ቂም ይዤባት ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አንድ ቀን ጠየቅኋት። "ሰውየው ቆሞ እያየሁት እንዴት ዝም ልበል?" አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ከጓሮው ክፍል ውስጥ አረፈች። ተቀምጣ ነው የሞተችው፤ መጋደም አልቻለችም ነበር።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ያፈስ ነበር። ሰው ከድንኳኑ ተርፎ በረንዳው ላይ፣ በተቆለፈው ሳሎን ደጅ ተኮራምቶ ተቀምጧል። አሣ ሻጯ ከጎርጎራ በጀልባ መጥታ ከእኔ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ መጣ። ቁልፉ በኪሱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ክፈትልን ያለው ግን የለም፤ እሱም አላሰበው ይሆናል። ሲገባ ሰው በሙሉ ተነሣ። አባቴ፣ የሚስቱን ሐዘን የተቀመጠው አባቴ፣ ተነሥቶ የራሱን ቦታ ለቀቀለትና ድንኳኑ ጥግ ሄዶ ቆመ፤ የሚያፈሰው ውኃ ትከሻው ላይ ይወርድበታል።

ሊቀመንበሩ ተቀመጠ። ወደ አባቴ ቀና ብሎ፣ በእውነት ከልቡ አዝኖ፣ "ምን ነበር ሕመማቸው?" አለው።

አባቴ እንደቆመ እጅ ነሣና፣ "ኧረ ምንም አልነበረም ጌታዬ፤ ትንሽ ደረቷን ነው" አለ።